ኮረብታ የመሰለው ከተማ

የሃ የደረሰ ተመራማሪ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጥንታዊው ቤተ መቅደስ ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በማይክል ሃሮወር የሚመሩት አርኪዮሎጂስቶች በአካባቢው ሲያስሱ ግን የአገሬው ሰዎች ሌላ አቅጣጫ ጠቆሟቸው፤ ዕዳጋ ረቡዕ ከምትባለው መንደር አጠገብ ወዳለው ኮረብታ። ድሮ ትልቅ ቦታ እንደነበር ሲነገር ሰምተዋል። ምክንያቱን የሚያስረዳ ግን አልነበረም።

ቦታው ቤተ ሰማዕቲ ይባላል። ከግርጌው እስከ አናቱ 25 ሜትር ያህል ነው። በ2011 ቁፋሮው ሲጀመር ኮረብታው ኮረብታ አለመሆኑ ታወቀ። የድንጋይ ቤት ይፈርሳል፣ ፍርስራሹ ይደለደላል፣ ልጅ በአባቱ ቤት ላይ ቤቱን ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ ከፍ ያለ ከተማ ነው። በካርቦን ልኬት ዕድሜው ከ750 ዓመተ ዓለም ገደማ እስከ 650 ዓ.ም. ገደማ ይደርሳል (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። አክሱም ስትነሣ የየሃ ዘመን ከተሞች ባዶ ቀርተዋል ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ጭስ አልተቋረጠም።

ከዚያ 18 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባዚሊካ ወጣ፤ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ፣ ማለትም የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለበት ዘመን አካባቢ። ቤተ ሰማዕቲ የሚለውን ስም የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሰማዕታትን ማሰቡ አይቀርም፤ አጥኚዎቹ ግን ከትግርኛው ተነሥተው ጉዳይ የሚሰማበት ቤት ብለው ይፈቱታል። ይህ ፍቺ ለእኔ ይጥመኛል፤ ባዚሊካ ራሱ በሮም ቤተ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ችሎትና የንግድ አዳራሽ ነበርና። እዚህም ከመስቀሎች ጋር ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ ያገለገሉ የሚመስሉ ማኅተሞች ተገኝተዋል። የመንደሯም ስም ቢሆን የረቡዕ ገበያ ማለት ነው።

ከግኝቶቹ መካከል መስቀልና የግእዝ ጽሑፍ የተቀረጸበት ትንሽ ጥቁር የአንገት ጌጥ ድንጋይ አለ። እኔ ግን የምመለሰው እዚያው ወደተገኘ አንድ ቀለበት ነው። መዳብ ነክ ብረቱ በወርቅ ተለብጧል፤ ፈርጡ ቀይ ካርኔሊያን ነው። አሠራሩን ያየ የሮማ ነው ሊል ይችላል። ፈርጡ ላይ የተቀረጸው ግን የበሬ ራስ ነው፤ በዚያው ባዚሊካ አካባቢ ደግሞ ትንንሽ የከብት ምስሎች ከመስቀሎቹ ጋር አንድ አፈር ለብሰው ተገኝተዋል።