ስለ ነዳጅ ዘይትና ከሰማይ ስለምታይ ሳተላይት

ከአንኮበር ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የአፋርን ቆላ እጅግ አርቆ ያያል፤ በቆላው የሚጓዘው መንገደኛ ግን ከፊቱ ካለው ቍጥቋጦ አልፎ ማየት አይችልም። የሳተላይትም ጥቅም እንዲሁ ነው። ነዳጅ ዘይት በሚወጣበት ምድር ላይ የሚደርሰውን ጕዳት እንዴት እንደምታሳይ ለአንባቢያን ባጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው፤ ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ክልል ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ መውጣት ጀመረ። አገሩ ደረቅ ነው፤ አርብቶ አደሩም የሚኖረው በግመሉና በፍየሉ ነው። ስለዚህ ዘይት ቢፈስ የሚበላሸው አፈር ብቻ ሳይሆን ግጦሹና የመጠጥ ውኃው ጭምር ነው።

ሳተላይት ይህን የምታውቅበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንደኛ፣ ጤነኛ ቅጠል ለዐይናችን የማይታይ፣ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለ ጨረር አብዝቶ ይመልሳል፤ የተጐዳ ቅጠል ግን የሚመልሰው ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ከዘይት ጋር የወጣ ጋዝ ሲቃጠል ነበልባሉ በሌሊት ከሙቀቱ የተነሣ ይለያል። ሦስተኛ፣ በባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይት ትንንሾቹን ማዕበሎች ስለሚያለሰልስ በራዳር ሥዕል ጠቍሮ ይታያል፤ በ2002 ዓ.ም. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለ87 ቀን የፈሰሰውን ዘይት ባለሙያዎች በዚህም ዘዴ ተከታትለውታል።

ነገር ግን የአንድ ቀን ሥዕል ብቻውን ምስክር አይሆንም። ድርቅም ቅጠል ያጠወልጋልና። ጕዳቱ ከዘይት ይሁን ከዝናብ እጥረት ለመለየት፣ ጕድጓዱ ሳይቈፈር የተነሣውን ሥዕል ከኋለኛው ጋር፣ ደግሞም ጕድጓድ ከሌለበት ከአጎራባቹ ምድር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ደግነቱ የመጀመሪያይቱ ላንድሳት ከመጠቀችበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡ ሥዕሎች ተጠብቀው ለማንም በነፃ ይሰጣሉ። እኔም የደብረ ብርሃንን የድሮና የዛሬ ሥዕል ጎን ለጎን ባስቀምጥ፣ ከተማችን ወደ ማሳው ምን ያህል እንደ ገፋች በግልጽ አየሁ። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃ ሥዕሏን በእንጦጦ ጣቢያ ተቀብላለች።

ይሁን እንጂ ሳተላይት ከመሬት በታች የተመረዘ ውኃ አታይም። ስለዚህ ባለሙያው በሥዕሉ ወደ ተጠረጠረው ስፍራ ወርዶ ውኃውን መመርመርና እረኛውን መጠየቅ አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ጕድጓድ በሚቈፈርበት ስፍራ ሁሉ የምድሩና የውኃው ሁኔታ ከቍፋሮው በፊት ተመዝግቦ ይቀመጥ። መዝገብ ከሌለ፣ ውኃዬ ተበላሸ የሚል እረኛ ነገሩን የሚያስረዳበት ማስረጃ አይኖረውም።