ወፍጮው ከመቆሙ በፊት

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ ፋብሪካ ማየት የፈለገ ሰው ወፍጮ ቤት ይግባ። ሞተር አለ፤ ቺንጋ አለ፤ ድንጋይ አለ፤ ጆንያውን ተደግፎ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አለ። ማሽን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር የሚባክነው ጊዜም እዚያ በግልጽ ይታያል። የመጨረሻው ንጹሕ የበቆሎ ዱቄት ከወረደበት የመጀመሪያው ንጹሕ የጤፍ ዱቄት እስኪወርድ ያለው ጊዜ ማለቴ ነው።

ይህን ጊዜ የማሳጠር ጥበብ በአገራችን የሚገባውን ክብር አላገኘም። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴስ መጥቷል። በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ እገዛ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ያስተምሩታል። ነገር ግን ብዙ ቦታ ትምህርቱ «አምስቱ ማዎች» በሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች ላይ ደርሶ ይቆማል። ወለሉ ይጠረጋል፤ መስመር ይቀባል፤ የየመሣሪያው ቅርጽ ሰሌዳ ላይ ይሣላል። ማሽኑ ግን ሥራ ሲቀየር እንደ ድሮው ግማሽ ቀን ይቆማል። ቁልፉን በቦታው የሰቀልነው ለምን ሆነና? ማሽኑ በቆመ ሰዓት ፍለጋ እንዳንወጣ አይደለም እንዴ?

ነገሩን መልክ ያስያዘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሂሮሺማ ወደሚገኘው ቶዮ ኮግዮ፣ ዛሬ ማዝዳ ወደምንለው ፋብሪካ ሄዶ ትልልቆቹ የብረት መጭመቂያዎች ሥራ የሚያጓትቱበትን ምክንያት ያጠና ነበር። ባለ 800 ቶኑ ማሽን ቅርጽ ማውጫው ሊቀየር ቆሞ ሳለ አንድ ብሎን ታጣ። ሠራተኛው ከዚያም ከዚህም ሲፈልግ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ብሎን ይዞ መጣ። ከየት አመጣኸው ቢሉት፣ ከጎረቤት ማሽን ላይ ረጅም ብሎን ወስዶ፣ አሳጥሮ፣ ጥርስ አውጥቶለት ኖሯል። ነገ የዚያ ማሽን ተራ ሲደርስስ ምን ሊሆን ነው? ሺንጎ ከዚያች ብሎን ተነስቶ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፦ ማሽኑ ካልቆመ የማይሠራውን ለብቻ፣ ማሽኑ እየዞረም ሊሠራ የሚችለውን ለብቻ። ብሎን ፍለጋ ከሁለተኛው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶዮታ ዘንድ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የባለ 1,000 ቶን ማሽን ቅየራ በ6 ወር ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት፤ በሌላ 3 ወር ደግሞ 3 ደቂቃ አደረሱት።

ይህን የሚሰማ አለቃ ሁሉ ሠራተኞቹ የሮጡ ይመስለዋል። ሰዓቱን እያየ ከሰው ራስ ላይ ቆሞ «ፍጠን፣ ፍጠን» የሚል አለቃ ጣት ያስቆርጣል፣ የብሎን ጥርስ ያስበላል እንጂ ደቂቃ አያተርፍም። ጊዜው የሚያልቀው በእጅ ዝግታ ሳይሆን በእግር ምልልስ ነው፤ ቁልፍ ፍለጋ፣ ጨርቅ ፍለጋ፣ መብራት ፍለጋ። ሸማኔ ይህን ያውቀዋል። ማጉ ሲያልቅበት ቀሰም ሊጠነጥን ከጉድጓዱ አይወጣም፤ እሱ ሲወረውር ልጁ ወይም ሚስቱ ጠንጥነው አስቀምጠውለታል።

ሞጣ አንድ ወፍጮ ቤት ድንጋይ ሲወቀር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የባለ ወፍጮው እጅ የሚያስቀና ነው፤ መሮው አንዲት ቦታ አትስትም። ሥራው የተጀመረው ግን ወፍጮው ከቆመ በኋላ ነው። ድንጋዩ ከወረደ በኋላ መሮው ተፈለገ፤ ተገኝቶም ዶልዱሞ ነበርና ልጅ ሊያስስለው ወደ ብረት ሠሪ ሮጠ። ጤፍ ይዘው የመጡት እናቶች ረፋዱን ሙሉ ጠበቁ። ሌላ ጥንድ ድንጋይ ቀድሞ ተወቅሮ ቢቀመጥ ማውረድና መስቀል ብቻ ይቀር እንደነበር ለባለ ወፍጮው ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ስንት እንደሚገዛ ታውቃለህ?» አሉኝ። የድንጋዩን ዋጋ በደንብ ያውቁታል። በዚያ ረፋድ ሳይፈጭ የቀረውን እህልና ወደ ሌላ ወፍጮ የሄደውን ደንበኛ ግን አብረው አላሰቡትም። ጥንዱን ከመግዛት በፊትም መሮውን ማታ አስስሎ ማሳደር ይቻላል፤ ይህ ሳንቲም አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ስለ ብሎን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። 15 ጥርስ የሚይዝ ብሎን 15 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያጠብቀው የመጨረሻው ዙር፣ የሚያላላውም የመጀመሪያው ዙር ነው። የቀሩት 14 ዙሮች ልፋት ናቸው። የወፍጮውን ሽፋን ቀዳዳ በአንድ ጎኑ የዳዶው ራስ እንዲያልፍ አድርጎ ካሰፉት፣ ዳዶውን አንድ ዙር አላልቶ ሽፋኑን ገፋ በማድረግ ብቻ ማንሣት ይቻላል፤ ብሎኑ ከቦታው አይነሣም፣ አይጠፋምም። ይህን ማንኛውም የቢቸና በያጅ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። ዳዶ በመዶሻ እየመቱ የሚፈቱ ሰዎች ግን እባካችሁ ተዉ፤ ዛሬ ያበላሻችሁት ጠርዝ በሚቀጥለው ቅየራ ቁልፍ አይዝላችሁም።

ተራ አያያዝም ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። «ጋሼ፣ ከበርበሬ በኋላ እንዳያደርጉኝ!» የምትለው ሴት ትክክል ናት። ነጭ ጤፍ፣ ከዚያ ሠርገኛ፣ ከዚያ ቀይ ጤፍ፣ ከዚያ በቆሎ እያሉ ቢያስከትሉ በየመካከሉ የሚጠረገው ይቀንሳል።

ሺንጎ ከቅየራ ጊዜ ማውጣትና መግጠሙ 5 በመቶ ብቻ እንደሚወስድ፣ ግማሹ ግን በሙከራና በማስተካከል እንደሚያልቅ ጽፏል። ወፍጮ ቤት ይህ ማለት የድንጋዮቹን ክፍተት የሚያጠብበውን እጀታ ትንሽ ማዞር፣ ዱቄቱን በጣት መዳሰስ፣ እንደገና ማዞር ነው፤ ያ ሁሉ ሙከራ የሚወርደው በሰው እህል ላይ ነው። ቢቸና ያየሁት አንድ ወጣት ባለ ወፍጮ እጀታው ሥር ለጤፍ ነጭ፣ ለበቆሎ ቢጫ፣ ለሽሮ ቀይ ቀለም ቀብቷል። እጀታውን ከቀለሙ ጋር ያገጥምና አንዴ ዳሶ ይለቅቀዋል። ድንጋዩ በተወቀረ ቁጥር ስለሚሳሳ ምልክቶቹ ይዛነፋሉ፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውቅራት በኋላ በአዲስ ቀለም ይቀባቸዋል፤ ብሩሹና ሦስቱ ጣሳዎችም ከመሮው ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።