«ሸራውን ጠቅልለህ አሽግ»፦ የጥበብ ሥራዎችን ለጉዞ ስለ ማሰናዳት የሚያገለግሉ ቃላት

ሥዕልን፣ ሐውልትንና ሌላውንም ቅርስ ከቦታ ወደ ቦታ ስለ ማጓጓዝ የተጻፉ የውጭ አገር መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ከሁሉ አስቀድመው ወደ ተርጓሚው ብዕር የሚመጡት ሸራ፣ መጠቅለልና ማሸግ የተባሉት ሦስት ቃላት ናቸው። ሦስቱም የቆዩና ማንም የሚያውቃቸው ስለ ሆኑ ተርጓሚው አያመነታባቸውም። አደጋው ያለው ግን በዚሁ ባለማመንታት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሦስቱን ቃላት ጠባይ እንመረምራለን፤ ለየሥራው ደረጃ የሚስማማውንም ስያሜ ከቋንቋው ውስጥ ፈልገን ለማሳየት እንሞክራለን።

«ሸራውን ጠቅልለህ አሽግ» የሚለውን ትእዛዝ ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ትእዛዝ በሆሳዕና የአውቶቡስ መናኸሪያ ለሚሠራ ጫኝና አውራጅ ቢሰጥ፣ ሸራ ማለት ለእርሱ በፖርቶመጋላ ላይ ያለውን ጭነት ከዝናብ የሚከልለው ወፍራም ጨርቅ ነውና፣ ያንኑ ጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ ያስራል። ለሠዓሊ ቢነገር ሸራ ማለት ሥዕሉ ራሱ ስለ ሆነ፣ ከተወጠረበት እንጨት አላቅቆ እንደ ሰሌን ይጠቀልለዋል። የጉምሩክ ሠራተኛ ቢሰማው ደግሞ ያለ ፈቃድ እንዳይከፈት ማኅተም ያደርግበታል። የመመሪያው ጸሐፊ ግን ያሰበው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ እንደ ተወጠረ በወረቀት ተሸፍኖ በእንጨት ሣጥን እንዲገባ ነው። ደርቆ የጠነከረ የዘይት ቀለም ያለ ጥንቃቄ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ ይረግፋልም። በመንገድ የተሰበረ የሸክላ ድስት በሌላ ይተካል፤ የረገፈ ሥዕል ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ነገሩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም።

1. ሸራ፤ ለጭነት መሸፈኛና ለሥዕል መደብ አንድ ቃል ማገልገሉ በራሱ ነውር አይደለም። በመመሪያ ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ገጽ ስለሚገናኙ መለየት አለባቸው። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የተሣለበትን «ሥዕል»፣ ጭነት የሚሸፍነውን «የጭነት ሸራ» ማለት ይበቃል። ሸራ የሚለው ቃል ብቻውን እንዲቆም ባይደረግ ይመረጣል።

2. መጠቅለል፤ ይህ ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው አንድን ዝርግ ነገር በራሱ ላይ ማዞር ነው፤ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ሁለተኛው አንድን ነገር በሌላ ነገር ውስጥ አድርጎ መሸፈን ነው፤ ዳቦ በጨርቅ ይጠቀለላል። ለሥዕል ጭነት ሁለቱ ተቃራኒ ሥራዎች ናቸው። እጅግ ሰፊ የሆነ ሥዕል መጠቅለሉ ግድ ሲሆን፣ ቀለሙ በውጭ በኩል ሆኖ፣ ወገቡ ሰፊ በሆነ ቱቦ ላይ ይጠመጠማል። መጠቅለል የሚለውን ለዚህ ብቻ እናቆየው። ለሁለተኛው ፍች «ማልበስ» የሚለው ግሥ አለን፤ ስሙም «ልባስ» ነው። ቃሉ ከመጻሕፍት የተቀዳ ብቻ እንዳይመስል፣ ማንም በመናኸሪያ ቆሞ ቢያዳምጥ ደመና ሲጠቁር ጭነቱ «ሸራ ይልበስ» ሲባል ይሰማል። በዚህም መሠረት ቀለሙን የሚነካው ለስላሳ ወረቀት «የውስጥ ልባስ»፣ ከእርሱ በላይ ያለው ፕላስቲክ «የውጭ ልባስ» ይባላል። ይህ መለያ ጥቅም አለው፤ አየር የቋጠረ ፕላስቲክ ቀለሙን በቀጥታ ከነካ የክብ ክብ ምልክት ሊተውበት ይችላልና።

3. ማሸግ፤ የታሸገ ቤት፣ የታሸገ ደብዳቤ፣ የታሸገ ውኃ እንላለን። የሦስቱም የጋራ ባሕርይ፣ ከተከፈተ መከፈቱ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በፋብሪካ ለሚወጣ ሳሙናና ብስኩት «ማሸጊያ» የሚለው ስያሜ ተለምዷል፤ እርሱን አንነቅፍም። ነገር ግን በጥበብ ሥራ ጭነት ሣጥኑን የሚያዘጋጀውና ማኅተሙን የሚያደርገው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ በውል ላይ «የማሸግ ኃላፊነት የላኪው ነው» ተብሎ ቢጻፍና ዕቃው ተሰብሮ ቢገኝ፣ ላኪው ኃላፊነቱ ማኅተም እስከ ማድረግ ብቻ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ሥራ «ለጉዞ ማሰናዳት» ብለን፣ ማሸግ የሚለውን ለመጨረሻው ተግባር ብቻ ብናውለው ክርክሩ አይነሣም።

4. በሣጥኑ ውስጥ፤ ከታች የሚነጠፈው፣ ባዶውን ቦታ የሚሞላውና ዕቃው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሁሉ በአንድነት «መሙያ» ሲባል ይታያል። አማርኛ ግን ለሦስቱም ቃል አለው። ከታች የሚሆነው «ጉዝጓዝ»፣ ክፍተት የሚደፍነው «ውታፍ»፣ ጠርዙን አጥብቆ የሚይዘው «ሽብልቅ» ነው። ሥራቸው አንድ አይደለም። ጉዝጓዝ ለዕቃው ክብደት የሚመጠን መሆን አለበት፤ ለከባድ ዕቃ ከሳሳ ይደፈጠጥና ከንቱ ይሆናል፤ ለቀላል ዕቃ ከጠነከረ ደግሞ የመንገዱን ንቅናቄ እንዳለ ያስተላልፋል። መመሪያው ጉዝጓዙ ምን ያህል ይወፍር እንደሚል ተርጓሚው «መሙያ» ብሎ ካለፈው፣ ሠራተኛው የሚመዝነውን አያውቅም።

5. ሣጥን፣ ማኅደርና አገልግል፤ የብራና መጻሕፍት የሚያዙበት፣ በልካቸው የተሰፋው የቆዳ ከረጢት ማኅደር መባሉ የታወቀ ነው። ይሁንና ቃሉ ዛሬ የጽሕፈት ቤት ፋይል ስም ጭምር ስለ ሆነ፣ ለእንጨት ሣጥን ብናውለው ያደናግራል። በዕቃው ልክ ለተሠራ የውስጥ መያዣ ብቻ ቢወሰን መልካም ነው። ውጭኛው «ሣጥን» ይባል። የሣጥኑን አሠራር ለማስረዳት ግን ከአገልግል የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ስፌቱ ቅርጹን ይይዛል፤ ቆዳው እርጥበትን ይከላከላል፤ ክዳኑም በጠፍር ይጠብቃል። የዘመናዊው ሣጥን ሦስት ተግባራትም እነዚሁ ናቸው። በሐዲያና በከምባታም ቆጮና ቅቤ በእንሰት ቅጠል ለብሶ፣ በቃጫ ታስሮ ገበያ ሲወጣ ያው ዘዴ ይታያል።

6. መፍታት፤ ትልቅ ቅርስ አንዳንድ ጊዜ ሙሉውን አይጓዝም። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተወሰደው፣ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነው የአክሱም ሐውልት፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን የተመለሰው በ3 ክፍል ሆኖ ነው፤ ዳግመኛ ቆሞ የተመረቀውም በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ስንተረጉም፣ መልሶ ለመግጠም ታስቦ የሚደረገው መለያየት «መፍታት» እንጂ መቁረጥም መስበርም አይባልም። በርክክብ ሰነድ ላይ «ተሰብሮ መጣ» የሚል አንድ ቃል ክስ ሊያስነሣ ይችላል።

7. በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው፤ በአይ.ኤስ.ኦ. 780 መደብ የተወሰኑት ምልክቶች፣ ማለትም ጽዋው፣ ጃንጥላውና ወደ ላይ ያመለከቱት ሁለት ቀስቶች፣ ላልተማራቸው ሰው በራሳቸው አይናገሩም። ጽዋውን ያየ ሰው ሣጥኑ መጠጥ የያዘ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ መጻፍ ይገባል። «ይሰበራል» ከማለት «ተሰባሪ ዕቃ» ይሻላል፤ የፊተኛው ማስጠንቀቂያ ይሁን ትንቢት አይለይምና። ሣጥኑ ቆሞ ይጓዝ ለማለትም አንድ ቃል አይበቃም። መገልበጥ ላዩን ወደ ታች ማድረግ ነው፤ ማጋደም በጎኑ ማስተኛት ነው። «አይገልበጥ» ብቻ ቢባል፣ ጫኙ ትእዛዙን ሳይጥስ ሥዕሉን በፖርቶመጋላ ላይ አጋድሞ ሌላ ጭነት ሊደርብበት ይችላል። «አይገልበጥ፤ አይጋደም፤ አይደረብበት» ብሎ ሦስቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ሲደርስ ከአዲሱ ቦታ አየር ጋር እስኪስማማ ድረስ ሳይከፈት አንድ ቀንና ሌሊት እንዲቆይ ከተፈለገም፣ ይህ ከውጭ በኩል ይጻፍ፤ በውስጥ ያለ ወረቀት የሚነበበው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ከላይ የዘረዘርናቸው ቃላት አንዳቸውም አዲስ ፈጠራ አይደሉም። ማልበስ፣ ጉዝጓዝ፣ ውታፍ፣ ሽብልቅ፣ መፍታት ሁሉም በየቤቱና በየገበያው በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። የስያሜ ሥራ ቃል ከመፍጠር በፊት ያለውን ቃል በቦታው ማስቀመጥ ነው። ተርጓሚዎች ረቂቃቸውን ለኅትመት ከማብቃታቸው በፊት በመናኸሪያ ለሚሠራ አንድ ጫኝ ቢያነቡለትና ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቁት፣ እኛ በገጽ ብዛት ከምናስረዳው የበለጠ ይማራሉ ብለን እናምናለን።