የእህት ከተማ ነገር፣ ከሆዳን ሲታይ

በሆዳን ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓይነት ምጣድ ይጣዳል። ላሆህ የምትጋግረው እናት ሊጧን ምጣዱ መሀል ላይ አፍስሳ፣ በጭልፋዋ ቂጥ እያዞረች ወደ ዳር ታሰፋዋለች። እንጀራ የምትጋግረው ኢትዮጵያዊት ደግሞ ከዳር ትጀምርና እየዞረች ወደ መሀል ትገባለች። እጃቸው በተቃራኒ መንገድ ይሄዳል፤ ሊጡ ካልቦካ ግን የሁለቱም ዐይን አያወጣም። ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዷ ሌላዋ ስትጋግር ብዙ ጊዜ አይታለች፣ በልታላታለችም። ይህን ዝምድና ያዘዘው ከንቲባ የለም፤ የተፈረመ ሰነድም የለውም።

ሆዳን የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ነው፤ በባልባላ ይገኛል። ስሙ በሶማልኛ ከሀብትና ከጥጋብ ጋር የሚያያዝ የሴት ልጅ ስም ነው። ከተማው ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ቁርኝት ከጓዳ ይጀምራል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውኃ ጨው ጨው የሚል ነው፤ ከ2017 ወዲህ ግን በሶማሌ ክልል ከአዲጋላ የተሳበ ውኃ ወደ ከተማዋ መስመር ይገባል። ፕሮጀክቱ የታቀደው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው፤ የማስተላለፊያው መስመር በቻይና ብድር ሲሠራ፣ ኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውኃውን ለ30 ዓመት ያለ ክፍያ ለመስጠት ተስማማች። መብራቱም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በውኃ፣ በመብራት፣ በባቡርና በምጣድ የተሳሰሩ ከተሞች «እህትማማች» ለመባል ወረቀት ያስፈልጋቸዋል ወይ? ጥያቄው የቆየ ነው። በአዲስ አበባም፣ በሐረርም፣ በባሕር ዳርም የልዑካን ቡድን መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ስጦታ ተለዋውጦ በሄደ ቁጥር ነዋሪው የሚያነሣው ይኸንኑ ነው፤ ለእኛ ምን ተረፈን? ይህን ለመመለስ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይሻላል።

የዛሬው የእህት ከተማ ልማድ የተወለደው ከጦርነት ፍርስራሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ የተቃጠለችው የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ሴቶች፣ ከበባ ውስጥ ለነበሩት ለስታሊንግራድ ሴቶች የጠረጴዛ ጨርቅ ላኩ። ጨርቁ ላይ ስማቸውን በክር የጠለፉት 830 ነበሩ። ሁለቱ ከተሞች በ1944 በይፋ ተወዳጁ። በ1950 ደግሞ እርስ በርስ የተዋጉት ሁለት አገሮች ትንንሽ ከተሞች፣ የፈረንሳይዋ ሞንቤልያርና የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግ፣ እጅ ተጨባበጡ። ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር። በአሜሪካም በ1955 በሚኒሶታ የምትገኘው ሴንት ፖል፣ አቶሚክ ቦምብ ከተጣለባት ከናጋሳኪ ጋር እህት ሆነች፤ በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሕዝብ ለሕዝብ የሚለውን መርሐ ግብር አስጀመሩ። ያችው ሴንት ፖል ዛሬ ጅቡቲንም ከእህቶቿ ትቆጥራለች። ሚኒሶታ በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ግዛት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቅም።

ስምምነቱ ራሱ በሕግ ዐይን ቀላል ነገር ነው። በአገሮች መካከል የሚደረግ ውል አይደለም። ሁለት ከንቲባዎች ይፈርማሉ፣ ምክር ቤቶቻቸው ያጸድቃሉ፤ በጀት ተያይዞ ካልመጣ፣ ኮሚቴ ካልቆመ፣ የሚታወስ ቀን ካልተቆረጠ ሰነዱ መዝገብ ቤት ይቀራል። ከንቲባው ሲቀየር ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የጅቡቲ ከተማ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ 3 ኮሚውኖች የተከፈለች ናት፤ የአካባቢ ምርጫ የተጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ እህትነቱ በከተማው ስም ቢፈረምም፣ ሆዳን ድረስ የሚያወርደው የኮሚውኑ ሹም ፈቃድ ነው።

የኢትዮጵያን ከተሞች ብናይ ዝርዝሩ ረጅም ነው። አክሱም ከዴንቨር ጋር በ1995፣ ባሕር ዳር ከክሊቭላንድ ጋር በ2004፣ አዲስ አበባ ከላይፕሲግ ጋር በዚያው በ2004 ተዛመዱ። ዴንቨር ውስጥ በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚያስተምሩን ሁለቱ ናቸው፤ ቹንቾንና ዋሽንግተን።

በደቡብ ኮሪያ የምትገኘው ቹንቾን በ2004 ከአዲስ አበባ ጋር እህት ስትሆን ዝምድናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ በግንቦት 1951 ቡሳን ወደብ ደረሰ። የኢትዮጵያ ወታደሮች በዚያች ምድር ሲዋጉ ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ ቹንቾን ሄደው የመታሰቢያው ሐውልት ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት ከወንዙ ዳር «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ተከፈተ። ቡና ቤቱ ዛሬም አለ። ከሐውልቱ አጠገብ በ2007 የተከፈተው የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያውን የሠሩለት በሦስት ጎጆ አምሳል ነው። የኮሪያ ወጣት ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛው ጋር ቡና ሊጠጣ ሲገባ ታሪኩን ሳያስበው ይማራል። አዲስ አበባም አፍንጮ በር የዘማቾቹ መታሰቢያ ቆሟል፤ ኮሪያ ሰፈርም ስሙን ይዟል። ሰነዱ የመጣው ደሙም ቡናውም ካለፈ በኋላ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲም እንደዚያው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ጋር የተፈራረመችው በ2013 መጨረሻ ነው። ከዚያ 9 ዓመት ቀድሞ በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች በመንግሥት ቢሮ በቋንቋቸው እንዲገለገሉ በር ከፍቷል። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ፎርም በአማርኛ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። ይህን ያመጣው በከተማዋ ሱቅ የከፈተው፣ ታክሲ የነዳው፣ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር ያቆመው ሰው ነው። ከንቲባዎቹ የፈረሙት እርሱ የሠራውን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው አንድ ነው። እህትነቱን የሚያኖሩት በሁለቱም ከተማ እግሩን የተከለ ሰውና በየዓመቱ የማይታለፍ ቀን ናቸው። እነዚህ ባሉበት ፊርማው ያጠናክራል፤ በሌሉበት ፊርማው ብቻውን ምንም አያደርግም። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ደግሞ ከጅቡቲ የበለጠ ከኢትዮጵያ ከተሞች ጋር እህት የሚሆን ከተማ አላውቅም።

ታሪኩ በባቡር ይጀምራል። ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት የተጀመረው በ1897 ነው፤ በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ባዶ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የድሬዳዋ ሽማግሌ እስከዛሬ «ሽመንደፈር» ይላል፤ አዲስ አበቤ «ለገሃር» ይላል። ሁለቱም ፈረንሳይኛ ናቸው፤ አንዱ የባቡር ሐዲድ፣ ሌላው ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቃሉን ያመጣው ያ ባቡር ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ያደገ፣ ጅቡቲ ተወልዶ ድሬዳዋ የተዳረ ሰው ስንት ነው! በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመረቀ፤ የጅቡቲ ጣቢያው ናጋድ ነው።

የሐረርም መንገድ በዚሁ በኩል ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በ1880 ሐረር ገብቶ ነጋዴ ሆነ። ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊወስድ በዛሬይቱ ጅቡቲ በታጁራ ወደብ ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 መኸር ቅፍለቱ እስኪነሣ ጠበቀ። ዛሬ የትውልድ ከተማው ሻርልቪል ሜዚየር የሐረር እህት ናት፤ በሐረር በስሙ የሚጠራ ሙዚየምም አለ፤ ምንም እንኳ ቤቱን ከእርሱ በኋላ ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ቢሆንም። ሐረር ከጅቡቲም እህት አላት፤ ከከተማው በስተምዕራብ ተራራ ላይ ያለችው አርታ። አርታ በ2000 የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ የተካሄደባት ከተማ ናት። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ጾም ጨርሰው የሚያከብሩት ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ ተመዘገበ። የአርታ ወጣት በሹዋሊድ ሌሊት ጀጎል ውስጥ ቢገኝ፣ እህትነት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኄር ኢሳ ነው፤ የኢሳ ሶማሌ በቃል የወረሰው የአባቶች ሕግ። 44 ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ይህ ሥርዓት በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ይሠራል። በታኅሣሥ 2024 ዩኔስኮ በሦስቱ አገሮች የጋራ ስም መዘገበው። ሦስት መንግሥታት «ይህ የሁላችንም ነው» ብለው በአንድ ወረቀት መፈረማቸው ለእኔ ከማንኛውም የከተሞች ውል ይበልጣል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ የድንበር ድንጋይ አያቆመውም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ ይፋዊው የባህል ልውውጥ ለምን ይሳሳል? አንደኛው ምክንያት ቦታው ነው። ልዑኩ ሲመጣ ወደ ሆቴል ይገባል፤ ጭፈራው በሆቴል አዳራሽ ይታያል፤ ባለሥልጣን ያጨበጭባል። ሆዳን አይደርስም። ባልባላ ደግሞ ከመጀመሪያውም ውጭ የቀረ ሰፈር ነበር። ጅቡቲ በፈረንሳይ ሥር ሳለች፣ በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ መሪ ጄኔራል ደ ጎል ሲመጡ ሕዝቡ ነጻነት እያለ አደባባይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሯት፤ «ባራዥ» ተባለ። ከገጠር፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚመጣው እንዳይገባ ነበር። መግባት ያልቻለው ከሽቦው ወዲያ በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ፤ ባልባላ ከዚያ አደገች። አገሪቱ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻ ወጣች፤ ባልባላም የከተማው አካል ሆነች። የባህል ዝግጅቱ ግን አሁንም ከድሮው ሽቦ ወዲህ ማዶ የሚቆም ይመስላል። ይህ መለወጥ አለበት።

ሌላው ምክንያት ዝምታ ነው። በዚህች ከተማ የሚያልፈው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ነጋዴና ሹፌር አይደለም። በእግሩ መጥቶ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገር የሚጠብቀው ወጣት አለ። በሚያዝያ 2024 በዚያው ጠረፍ በጎዶሪያ አቅራቢያ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ሰጠመ፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። እህት ነኝ የሚል ከተማ የእህቱ ልጅ በደጁ ሲያልፍ ውኃ ይሰጣል፣ ይመክራል፣ ሲሞት ይቀብራል። የጅቡቲ ሰው ይህን በግሉ ሲያደርግ ቆይቷል። የእህትማማችነት ስብሰባ ላይ ግን ስለ ጭፈራ እንጂ ስለ እነዚህ ልጆች ሲነሣ አልሰማሁም። ሊነሣ ይገባል።

ለባልባላ ኮሚውን ሹሞች፣ ለድሬዳዋና ለሐረር አስተዳደሮች፣ በጅቡቲ ላለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብም የምለው ይህ ነው። አዲስ ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት በዓመት አንድ ቀን ቁረጡ፤ ከንቲባ ቢቀየርም ቀኑ አይቀየር። የድሬዳዋ ልጆች በባቡር ናጋድ ይውረዱ፤ የሆዳን ልጆች ይቀበሏቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይዙር። ሽማግሌዎች ስለ ኄር ኢሳ ያውሩላቸው፤ በባሕር የጠፉትም በስማቸው ይታሰቡ። አዳራሽ አትከራዩ። ሆዳን ውስጥ፣ ሰፈሩ መሀል፣ ሁለቱ ምጣዶች ጎን ለጎን ይጣዱ፤ እናቶቹም ለልጆቹ ያሳዩአቸው።