ጥንቸል በቆላ፦ ጠጉሯን ስታራግፍ

በአብደራፊ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ይህች የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ምድር የሆነች የምዕራብ አርማጭሆ ከተማ ለፍየል፣ ለግመልና ለቆላ ከብት ትመቻለች። ለማዳ ጥንቸል ግን አያልባትም፤ የሰውነቷን ሙቀት የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ በኩል ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ትቸገራለች። ጠጉሯን የምታራግፍበት ሰሞን ከዚህ ሙቀት ጋር ሲገጥም ማበጠር የማሳመር ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በየጫካውና በየማሳው ስትሮጥ የምናያት ጥንቸል ከዚህችኛዋ ጋር ዝምድና ቢኖራትም ሌላ እንስሳ ናት። የዱሯ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ለማዳዋ የመጣችው ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ ጉድጓድ ቆፋሪ ዘር ነው፤ ልጆቿ ራቁታቸውንና ዓይናቸውን ጨፍነው ይወለዳሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል ስለተቆጠረች በክርስቲያን ቤት የምትኖር ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ወዳጅ እንጂ የድስት ሲሳይ አይደለችም።

ጥንቸል በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጠጉሯን በብዛት ትቀይራለች። ለውጡን የሚቀሰቅሰው በዋናነት የቀን ርዝመት ነው። በለንደን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሰዓት ይበልጣል፤ በአብደራፊ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የሚራገፍበትን ወር አስቀድሞ መወሰን ያስቸግራል፤ ጠጉሩን እያዩ መከታተል ይሻላል። ብዙ ጊዜ ከራስ ይጀምርና በአንገትና በጀርባ አልፎ ወደ ጎንና ወደ ዳሌ ይወርዳል። በአሮጌውና በአዲሱ ጠጉር መካከል ያለው መስመር በግልጽ ይታያል። ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል።

ጥንቸል ራሷን ያለማቋረጥ ስለምትልስ የረገፈውን ጠጉር ትውጣለች፤ ማስታወክ ደግሞ አትችልም። አንጀቷ በደንብ ከሠራ ጠጉሩ ከምግቡ ጋር ይወጣል። ውኃ ካነሳት፣ ሣር ካጠራት ወይም ሙቀቱ ከምግብ ካራቃት ግን አንጀቷ ይዘገያል፤ ጠጉሩም ሆዷ ውስጥ ደርቆ ይጠጥራል። የመጀመሪያው ምልክት በጠጧ ላይ ይታያል፦ ፍሬዎቹ እየቀነሱና እያነሱ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም በጠጉር ተያይዘው እንደ መቁጠሪያ ይወጣሉ።

ጠጉሯ በሚራገፍበት ሰሞን በየቀኑ ማበጠር ያስፈልጋል፤ በሌላው ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃል። የሚመረጠው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ቀዝቃዛ የጠዋት ሰዓት ነው። ምሽት ላይ ደጅ መቀመጥ ግን በዚህ አካባቢ የካላዛርን በሽታ ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ያጋልጣል። ጥንቸሏን በጆሮዋ አያንሱ። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከዳሌዋ ሥር ይግባ። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ግን ብርቱ ስለሆነ ተንፈራግጣ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። ስለዚህ መሬት ላይ ወይም ጭንዎ ላይ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጧት።

መጀመሪያ መዳፍዎን በትንሹ አርጥበው ከአንገቷ ወደ ጅራቷ ይዳብሷት፤ የላላው ጠጉር ከእጅዎ ጋር ይመጣል። ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጥርሱ ያልሾለ ሚዶ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያስኪዱ። ቆዳዋ ስስ ነውና አይጫኑ። ዳሌዋ ላይ በራሱ የተነሳውን ቁንጥር ጠጉር በሁለት ጣት ቢይዙት ሳይጎተት ይወጣል፤ እንቢ ካለ ጊዜው አልደረሰምና ይተዉት። ሥራው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከተጨነቀች አቋርጠው ማታ ቤት ውስጥ ይቀጥሉ። የተጠቀለለውን ጠጉር በመቀስ ከመቁረጥ ይቆጠቡ፤ ቆዳው ከጠጉሩ ጋር ተስቦ በቀላሉ ይቆረጣል።

ሙቀት ነው ብሎ ገላዋን ማጠብም አደገኛ ነው፤ ድንጋጤው ብቻውን ሊገድላት ይችላል። ይልቅ ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱ፣ ውኃው በረዶ የሆነ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያኑሩ፣ ቤቷንም ከዛፍ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርገው ይሥሩ። በክረምት ዝንብ ሲበዛ ጅራቷ ሥር ያለውን ጠጉር በየቀኑ ይመልከቱ። የቆሸሸ ጠጉር ላይ የተጣለ የዝንብ እንቁላል ፈጥኖ ትል ሆኖ ሥጋዋን ይበላል።

የጠጉር መርገፍ ሁሉ ግን ወቅታዊ አይደለም። ሴቷ ከሆዷና ከደረቷ እየነጨች ጎጆ የምታነጥፍ ከሆነ እርጉዝ ናት፣ ወይም እርጉዝ የሆነች መስሏታል። በጤናማ ለውጥ ከረገፈው ሥር አዲስ ጠጉር ይታያል። ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ወደ ልጆች ይተላለፋል። የሚያሳክክ ፎረፎር ደግሞ የእከክ ተባይ ምልክት ሊሆን ይችላል። በራስ ግምት መድኃኒት መስጠት ግን ይቅር። ለውሻ የሚደረገው ፊፕሮኒል ጥንቸልን ይመርዛል፤ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንም አንጀቷን አውኮ ሊገድላት ይችላል።

ከሚዶው እኩል የሚጠብቃት ምግቧ ነው። ሳይቋረጥ የሚቀርብ ደረቅ ሣርና ንጹሕ ውኃ የዋጠችውን ጠጉር ገፍቶ ያስወጣል። በመኸር ማብቂያ ታጭዶ በጥላ የደረቀ ሣር ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ፀረ ተባይ ከተረጨ የጥጥ ወይም የሰሊጥ ማሳ ዳር የታጨደ ሣር ግን አይስጧት። ለጋ የማሽላ ቅጠልም ከብት የሚገድል ሳያናይድ ስላለው ያርቁባት።

ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል እስከ ነገ አትቆይም፤ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ትሂድ። ከዚያ በላይ ለሚሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መንገዱ ግን ረጅም ስለሆነ በሽታን ቀድሞ ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ጥንቸል ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። እብጠቷን፣ መክሳቷን፣ ቁስሏን ቀድሞ የሚያገኘው በየጠዋቱ የሚዳብሳት እጅ ነው። በቆላ ሙቀት ይህን ሩብ ሰዓት መስጠት የማይችል ቤተሰብ፣ ልጆቹ ቢለምኑትም እንኳ፣ ጥንቸል ባያስገባ ይሻላል፤ የሚችል ግን ሳይፈራ ያሳድጋት።