ቮልስ ሲንተፋተፍ

አሮጌ ቮልስ ሚኒሞ ላይ ሲንተፋተፍ ወይም ዳገት ላይ ሲታፈን የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካርቦራተሩ ነው። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይነፋል፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። ቤንዚን ይታያል፣ ይሸታል፤ ስለዚህ ተጠርጣሪ ለመሆን ይቀለዋል። ኤሌክትሪኩ ሲያጠፋ ግን ምልክት የሚተወው ለሚጠይቀው ነው፤ ጥያቄውም «ምን ሆነ?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚያደርገው?» የሚል ነው።

የእሳት አሰጣጡ አሠራር ከቮልስም በዕድሜ ይበልጣል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ለካዲላክ ያበጀው ነው። የባትሪው 12 ቮልት (በድሮዎቹ ቮልሶች 6) በቦቢናው ወፍራም ጥቅል ውስጥ ያልፋል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ፑንቲና ስትከፈት ጅረቱ ድንገት ይቋረጥና ቀጭኑ ጥቅል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ያኔ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ፑንቲናዋ በሴኮንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች። የቮልስ ክፍተቷ ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መበላት ብዙ ቢያናጋ አይገርምም።

ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ቀላሉ ነው። ሚኒሞ ላይ እያለ የካንዴላ ገመዶቹን በላስቲክ እጀታ ፒንሳ ተራ በተራ ነቅሎ፣ የተነቀለውን ወዲያው ማሳ (የሞተሩን ብረት) ማስነካት። ሲነቀል ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም እየሠራ አልነበረም። ካንዴላው በጥቀርሻ ከጠቆረ እሳቱ በጥቀርሻው በኩል ይፈሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቦራተር ነዳጅ ያበዛል፤ እዚህ ላይ የነዳጁና የኤሌክትሪኩ ጥፋት ይቀላቀላል።

ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ውስጡን በባትሪ መብራት ማየት ነው። ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ካለች እሳቱ በእሷ እየተሳበ ነው። ማታ በጨለማ ገመዶቹ ላይ ውሃ እፍ ሲባል ሰማያዊ ብልጭታ ከታየም የሚያፈሰው ተገኘ።

ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ቦቢናን ወይም ከፑንቲናዋ ጋር የሚሠራውን ኮንደንሰር ያስጠረጥራል። ግን በሙቀት የተነነ ቤንዚንም ይህንኑ ያደርጋልና እሳቱ መፈተሽ ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ነው። ማግስቱን ጋራዥ ሲደርስ ሁሉም ደህና ነው።

ለእኔ ከሁሉም ተንኮለኛው ሚኒሞ ላይ ለስልሶ ነዳጅ ሲሰጠው የሚቆራርጠው ነው። ፑንቲናዋ የተቀመጠችበት ሳህን በሞተሩ የአየር ስበት ጥቂት ዲግሪ ይዞራል፤ አብራው የምትታጠፍ ቀጭን ሽቦ አለች። ከዓመታት በኋላ ላስቲኳ ደህና ሆኖ ውስጧ ይበጠሳል። ቆማ ስትታይ ምንም አይታይባትም። ከቦቢናው የሚመጣውን ሽቦ በቦቢናው በኩል ነቅሎ፣ ፑንቲናዋ በተዘጋችበት፣ ቴስተሩን በሽቦውና በዲስትሪቢዩተሩ አካል መካከል አድርጎ ሳህኑን በጣት መግፋት ነው። ወደ ዜሮ የተጠጋው ንባብ ከዘለለ ሌባዋ እሷ ናት።

ጉድጓድ ሲመታ የሚቆራርጥ ደግሞ የላላ ግንኙነት ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ላስቲክ ላይ ስለተቀመጡ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኛቸው አንድ የማሳ ገመድ አለ፤ ይዝጋል፣ ይረሳልም። ሞቶሪኖው ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከተነበበ ገመዱን ማጽዳት ወይም መለወጥ ነው።

አንድ ምክር፦ ፑንቲናና ኮንደንሰር አንድ ላይ ሲለወጡ የወጣው ኮንደንሰር ይሠራ ከነበረ አይጣል። ገበያ ላይ ያለው አዲሱ አንዳንዴ ሳምንት አይቆይም።