ከነፋስ ስልክ ተነስቶ የፈረንሳይን አሻራ ፍለጋ

የፈረንሳይን ባህል የሚወድ መንገደኛ አዲስ አበባ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፒያሳ ይላካል፤ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ እዚያ ስላለ። ክፉ ምክር አይደለም። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1907 ከተመሠረተ ጀምሮ ቋንቋ ሲያስተምር፣ ዐውደ ርዕይና ኮንሰርት ሲያሰናዳ የኖረ ነው። እኔ ግን ጉዞው ከከተማዋ ደቡብ፣ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ቢጀመር እመርጣለሁ። በደብረ ዘይት መንገድ ላይ የተዘረጋው ቀላል ባቡር ከዚህ ወደ ለገሃር ያደርሳል። ከጀሞ በዓለምገና በኩል የወጣ መኪና የቡታጅራን አስፋልት ይይዛል። ለቡ ካለው ጣቢያ ደግሞ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ይነሳል። በሦስቱም አቅጣጫ የፈረንሳዮች እጅ ያረፈበት ሥራ ይጠብቃል።

አገራችን በፈረንሳይ አልተገዛችም። እዚህ የሚታየው የፈረንሳይ ሥራ በኢትዮጵያውያን ጥሪ የመጣና የኢትዮጵያውያንን ጉዳይ ለመፈጸም የተሠራ ነው። ስለዚህ ጎብኚው በየደረሰበት «ማን ሠራው?» ከማለቱ በፊት «ማን አሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያየው ነገር ሁሉ ይፈታለታል።

ለገሃርን እንውሰድ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ውል ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሙሴ ሸፍኔ ሲሰጡ፣ ባሕር በር ለሌለው መንግሥታቸው የንግድና የመሣሪያ መግቢያ ማበጀታቸው ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ከተጀመረ አንሥቶ 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሃያ ዓመት ፈጀ። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በድርጅቱ ውስጥ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ትምህርት ቤት ሳይገባ ፈረንሳይኛን ከአለቃውና ከባልደረባው የቀሰመ ሠራተኛ ትውልድ በሐዲዱ ዳር አደገ።

በጣቢያው አደባባይ የቆመው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተገለጠ። ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱትና ለድል ምልክት አቆሙት። ዘርአይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሮም መካከል ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ ተማርኮ ባየ ጊዜ እንደሆነ ሲተረክልን አድገናል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ነሐሱን ፈረንሳዊ አበጀው፤ ክብሩን የሰጠው ግን ስለ እሱ የተከፈለው ዋጋ ነው። ከተማ ውስጥ ለአንድ ሐውልት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይይ እላለሁ።

ጥቂት ሽቅብ ሲሉ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ሌላ አንበሳ አለ። የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የሃያ አምስት ዓመት ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ቆመ። ከለገሃሩ ጋር ወዲያው ማነጻጸር ደስ ይላል። ያኛው ጡንቻው የሚቆጠር አንበሳ ነው። ይኼኛው በትላልቅ የድንጋይ ገጽታዎች የተጠረበ፣ ግርማውን ከቅርጹ ጥንካሬ የሚያገኝ ዘመናዊ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ቅርፃ ቅርፅ የት እንደደረሰ ያሳያል፤ ያን ለማወቅ ፓሪስ መሄድ አላስፈለገም።

ቴአትር ቤቱን ራሱን ጣሊያኖች ለሲኒማ ጀምረው የተዉት ሲሆን ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ጨርሶታል። ከዚያው አጠገብ ያለው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃም የሾሜት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጠናቀቀ። አሁን ከጎኑ የቆመው ረጅም ፎቅ ዓይን ይሰርቃል፤ ያም ሆኖ ከክቡ ሕንፃ ሥር ቆሞ ቀና ማለት ይገባል። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት ስለሆነ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ስሙ ግን ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው ይህ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የሚጠራው በ1929 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው።

ወደ መስቀል አደባባይ ከተሻገሩ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ሕንፃው የጣሊያናዊው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። የውስጡን ታላቅ የመስታወት ሥዕል የነደፈው አፈወርቅ ተክሌ ሲሆን፣ ያፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በ150 ካሬ ሜትር ላይ ያሳየበት ነው። መስታወቱን የሠሩት የፈረንሳይ ባለሙያዎች ናቸው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው ግን በሁለተኛው መንገድ ነው። ከጀሞ ተነስቶ የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አዋሽን ይሻገራል። ቦታው መልካ ቁንጡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ዴከር በወንዙ ዳር የድንጋይ መሣሪያዎች አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን የራሱን ቡድን ይዞ መጣ፤ ከዚያም እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ በመሐል እየተቋረጠም ቢሆን፣ ከዚህ ቦታ አልተለየም። ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ካሬና ስምቢሮ የሚባሉትን የቁፋሮ ቦታዎች ዓለም ያወቃቸው በእሱ ሥራ ነው። በኋላ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ተረክበውት እስከ ዛሬ ቀጥለዋል።

እዚህ ያለው የኑሮ ታሪክ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። አስደናቂው ዕድሜው ብቻ አይደለም። የሰው ዘር አብዛኛው ጥንታዊ ቅሪት የሚገኘው በሞቃት ቆላ ነው፤ መልካ ቁንጡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌሊቱ በሚበርድበት ደጋ ነው። እነዚያ ቀደምቶች ቅዝቃዜውን ችለው የኖሩበት አንዱ ምክንያት ወንዙና ድንጋዩ ሳይሆን አይቀርም። በአካባቢው ባልጩት ሞልቷል። ባልጩት የእሳተ ገሞራ ጥቁር መስታወት ነው፤ በትክክል ከተመታ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሰላል፣ ሲመቱት ግን እጅ ይቆርጣል። ስምቢሮ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ከዚህ አስቸጋሪ ድንጋይ የእጅ መጥረቢያዎችን በብዛት፣ ሁሉንም ባንድ ዓይነት ቅርጽ ያወጡ ነበር። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ የ700,000 ዓመት ዕድሜ ባለው አፈር ላይ የሕፃናት ዱካ ተገኝቷል። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ አጠገባቸው ጭቃ ይረግጡ ነበር።

ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ በተሠሩ ጎጆዎች ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ነው። መሣሪያዎቹ፣ አጥንቶቹና ማብራሪያዎቹ በየጎጆው ተደርድረዋል። ወደ ጎምቦሬ ጥቂት ሲራመዱ ደግሞ ቁፋሮው እንደተከፈተ፣ ድንጋዩና አጥንቱ በወደቀበት ቦታ እንዳለ በመጠለያ ሥር ይታያል። ብዙ ሙዚየም ቅርሱን ከአፈሩ ለይቶ ያሳያል፤ እዚህ አፈሩን ራሱን ያያሉ። አዲስ አበባ የሚኖር ወላጅ ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ወደዚህ ባያመጣ ይቆጨኛል። ስፍራው ከባልጩት ቦታው ጋር በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ ግን የከተማው ሰው አጠገቡ እያለለት ሳያውቀው ኖሯል።

በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲቀጥሉ ጢያ ይመጣል። 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ የሰይፍና ሌላም ምስል ተቀርጾባቸዋል። የመቃብር ምልክቶች ናቸው። የደቡብን ትክል ድንጋዮች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እየዞሩ የመዘገቡት የካፑቺን ካህን አባ አዛይስ ሲሆኑ፣ በኋላም እነ ፍራንሲስ አንፍሬ ሥራውን ቀጥለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ጢያ የዓለም ቅርስ ነው። በነገራችን ላይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሉሲ የተገኘችበትን የሐዳርን አካባቢ ለሳይንስ ያስተዋወቀውም ሌላ ፈረንሳዊ፣ ሞሪስ ታይብ ነው፤ እሷን ለማየት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ረጅሙ ነው። ከለቡ የሚነሳው አዲሱ ባቡር ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ የሚከተለው ግን ያንኑ የጥንቱን የጅቡቲ አቅጣጫ ነው። የመነሻውን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ከወረዱ በኋላ ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ሐረር የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ከተማ ናት። ግጥምን ገና በወጣትነቱ የተወው ይህ ሰው በ1880 እ.ኤ.አ. የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ኖረባት። ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ እንጦጦ ድረስ ዘልቋል። ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ማርሴይ ላይ ሞተ። በጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው ውብ ሕንፃ እሱ የኖረበት አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ደስታውን አይቀንስም። ጣሪያው ሥዕል ያለበት፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፤ ውስጡ የተሰቀሉት የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ደግሞ ለሐረር ሰው ለራሱም ሀብት ናቸው።

ሲመለሱ ድሬዳዋ ላይ አንድ ቀን ይደሩ። ሐረርን ትቶ በሜዳው ያለፈው ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ቀጥ ያሉት ባለ ዛፍ ጎዳናዎች የኩባንያው ቅየሳ ናቸው። በአሮጌው ጣቢያ ግቢ ያለውን የጥገና ጋራዥ አስፈቅዶ መጎብኘት ይቻላል። ከፈረንሳይ የመጡት የብረት መቁረጫዎችና የድሮ ፉርጎዎች እዚያ አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በእነዚያ ማሽኖች ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የምድር ባቡር ሰዎች መገኘታቸው ነው። ፈረንሳይኛ የሚችል ጎብኚ በፈረንሳይኛ ያነጋግራቸው። ማሽኑ ሲሰበር መለዋወጫ ከውጭ ሳይጠብቁ እዚያው ቀጥቅጠውና አቅልጠው እንዴት እንዳቆዩት ከእነሱ አፍ ይስማ።